ጎፈሬዬን የበላች የራስ ቁር

ዛሬ ራሴ ላይ የቀሩትን ፀጉሮች አንድ በአንድ በስማቸው ብጠራቸው ከቁርስ በፊት እጨርሳለሁ። በጣሊያን ጊዜ ግን ቂርቆስን በጎፈሬ የምገዛ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እያጋነንኩ አይምሰላችሁ። ማለቴ፣ እያጋነንኩ ነው፣ ግን ትንሽ ነው። በበር ስገባ መጀመሪያ ጎፈሬዬ ይገባል፤ እኔ ቆየት ብዬ እደርሳለሁ። ዝናብ ሲጥል ሁለት ሰው ያስጠልል ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ የጠፋባትን ሚዶ ስትፈልግ ሰንብታ በሦስተኛው ቀን ከውስጡ አወጣችው።

ጫካ የገቡት አርበኞች ጎፈሬ ያሳደጉት አገር ነጻ ሳይወጣ ላንላጭ ብለው ምለው ነው። በእኔ ጎፈሬ ውስጥ ምንም ዓይነት መሐላ አልነበረም። የነበረው ቅቤ ብቻ ነው።

ካዛንቺስ ያኔ የዛሬው ካዛንቺስ አይደለም። ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት የሚያሠራበት ሜዳ ነበር። ኖራ ይሸታል፤ አዲስ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ይሸታል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ሲጮኽ ይውላል። ያንን ሽታ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ አንድ አዲስ ቤት አጠገብ ሳልፍ አገኘዋለሁና ቆሜ እስኪበቃኝ እስበዋለሁ። የዘመኑ ክፋት ሽታ የለውም መሰለኝ፤ አፍንጫዬ የያዘው ወጣትነቴን ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ እዚያ ግንበኛ ነበር። ድንጋይ በእጁ ሲገባ እንደ ሊጥ ይታዘዘዋል ይባላል። እኔን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ብስክሌት እንዳጥብ አስቀጠረኝ። ሳጥብ ሳጥብ አንድ ቀን «ትንሽ ይድረቅ» ብዬ ግቢውን አዞርኩት። በማግስቱም ይድረቅ አልኩ። በሁለት ወር ውስጥ በአዲስ አበባ የእኔን ሞተር ያህል የደረቀ ሞተር አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ማታ ቂርቆስ አጠገብ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። ወታደሮች መንገድ ላይ ያገኙትን ወንድ ሁሉ አፈሱ። ታደሰ ከነግንበኛ ማንኪያው ከሥራ ሲመለስ ነበርና ተያዘ። እኔ ለምን አልተያዝኩም? አክስቴ ቤት ተቀምጬ ለጋ ቅቤ እየተቀባሁ ስለነበር ነዋ! ይህን ስናገር አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ጠዋት ወሬው መጣ፦ የታፈሱት አምስት ሰዓት ላይ በባቡር ተጭነው ወደ ቆላ እስር ቤት ይወሰዳሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አናውቅም ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ፣ «አሰፋ፣ ወንድምህን» አለችኝ። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

ወደ ካዛንቺስ ሮጥኩ። መሐንዲሱ ሲኞር ብሩኖ ደግ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ከታደሰ በቀር ማንም ሊዘጋው ያልቻለ የድንጋይ ቅስት መሃሉ ክፍት ሆኖ ቀርቶበታል። የሆነውን ስነግረው ብዕሩን ወረወረ፣ ተሳደበ፣ ብዕሩን መልሶ አነሳ። «ይህ ሰው ለመንግሥት ሥራ ያስፈልጋል፣ ይለቀቅ» የሚል ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበት። ሰዓቱን አየ፤ አራት ተኩል።

«መኪና የለም» አለኝ። «ሞተሩን ትነዳለህ? አትዋሽ፣ በመስኮት አይቻለሁ።»

«እነዳለሁ ሲኞር።»

ጣቱን በግንባሩ ላይ አሳረፈ። «ቴስታ! ጭንቅላትህን! ባለፈው ሳምንት አንድ ሞቶብኛል፤ ሌላ አልፈልግም። ጋሼ ይማም ጋ ሂድና ቁር አድርግ። ያለዚያ ዘበኛው በሩን አይከፍትልህም።»

የሞተው የሞተሩ ነጂ ነው፤ ወጣት ጣሊያን ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ ሲባል ሰምተናል።

ጋሼ ይማም ከግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የሚሠሩ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ በከንፈራቸው መርፌ የያዙ ሰው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲያለብሱ ኖረው፣ ጣሊያን ሲመጣ የሞተርና የመኪና ቆዳ ይጠግኑ ጀመር።

«ጋሼ! ቁር ስጡኝ! ቶሎ! ታደሰ ሊጫን ነው!»

«ምንድነው እጅህ ላይ?»

«የመለቀቂያው ወረቀት።»

«አምጣው፤ ላብህ ቀለሙን ያጠፋዋል።» ተቀበሉኝና አጥፈው ከሚቀመጡበት የበግ ቆዳ ሥር አስገቡት። ተመቻችተውም ተቀመጡበት። ወንድሜ ላይ ልክ እንደዚያ ተቀመጡበት ማለት ነው። «በል፣ ምረጥ።»

ግድግዳው ላይ ካሉት ዓይኔ ያረፈው በነጩ የቡሽ ባርኔጣ ላይ ነው። ያማረ፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው። እሱን አድርጌ ባቡር ጣቢያ ብደርስ ጄኔራል መጣ ብለው ሰልፍ የሚይዙልኝ መሰለኝ። አንስቼ ጎፈሬዬ ላይ ደፋሁት። ጋሼ ይማም ከራሴ አነሱት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ደረቀ ዳቦ ቀሽ አለ።

«ይሄ ለፀሐይ ነው። አንተን የሚመታህ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ መቼ ወድቃብህ ታውቃለች?»

«እሺ የብረቱን! ጥይት ይመልሳል!»

«ውስጡን እየው። ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ምንም። ድንጋዩ ብረቱን ይመታል፣ ብረቱ አናትህን ይመታል። መሃል ገብቶ የሚገላግል የለም።»

ከጥግ አንዲት የቆዳ ቁር አወጡ። የተቀቀለ ድንች ነው የምትመስለው። ውስጧ በተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር ተነጥፎ፣ በዙሪያዋ ወፈር ያለ የቡሽ ጥቅልል ተሰፍቶባት፣ ጆሮ ላይ ወርዳ አገጭ ሥር በጠፍር የምትታሰር ነች። እንኳን ሴት፣ አህያ ፊት ይዤያት መቆም የማልፈልጋት።

«ገላጋይዋ ይቺ ናት» አሉ።

አጠለቅኳት። ዛፍ ላይ እንዳለ የወፍ ጎጆ ከጎፈሬዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሁለት እጄ ተጫንኳት፣ ቅቤው አገዘኝና ሸርተት ብላ እስከ ጆሮዬ ወረደች። «ገባች! በሉ ወረቀቴን!»

ጋሼ ይማም ተነስተው ቁሯን በሁለት እጃቸው ያዙና ዘወር አደረጓት። እኔ ፊት ለፊት እያየሁ ቁሯ ወደ ስታዲየም ዞረች። ማለቴ፣ ዛሬ ስታዲየም ወዳለበት።

«አሁን በጆሮህ ነው የምታየው?»

«ጠብቃኛለች እኮ ጋሼ! ሲነዱ ማን ያዞራታል?»

«በቅሎ ሲጭኑ አይተሃል?» አሉ ቁጭ እያሉ። ወረቀቱ ላይ። «ጠፍሩን ስታጠብቅባት ሆዷን ትነፋለች። ሞኙ ጠበቀ ብሎ ይወጣል። እሷ መንገድ ላይ ትንፋሿን ታወጣና ሰውየውን ከነኮርቻው ከሆዷ ሥር ታንጠለጥለዋለች። ያንተ ጎፈሬ የበቅሎ ሆድ ነው። አሁን ተነፍቷል። ነፋስና ጉድጓድ ሲያገኘው ይሟሽሻል፤ በዚያ ላይ ቅቤ ጠጥቷል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ቆዳ የሚከረክሙበትን ቢላ ከጉልበታቸው ሥር መዘዙ። «ይላጫላ።»

በዚህ መሃል ከለገሃር በኩል ባቡሩ ጮኸ። ባቡር ሊነሳ ሲል ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የመጀመሪያው ነው።

«ጋሼ!» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ስለ አላህ! ቁሩም ይቅር፣ ዘበኛውን እገፋዋለሁ፣ ወረቀቱን ብቻ ስጡኝ! ወንድሜ እኮ ነው!»

አልተቆጡም። በቢላቸው ጫፍ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለች ሌላ ቁር አሳዩኝ። «አውርዳት። የተቀደደ ታያለህ?»

አገላብጬ አየኋት። «አላይም።»

«የለባትም። ጠፍሯም ደህና ነው። ከዚያ ከሞተው ጣሊያን አሥር ክንድ ርቃ ነው ያገኟት። እሷ ደህና፣ እሱ የተሰበረ። ሰፍታሃለች፣ ጥቂት ላጥብብልህ ስለው ‹ፕሬስቶ፣ ፕሬስቶ፣ ቶሎ በል› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።» መርፌውን ከከንፈራቸው ሲያወጡ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። «ጠላቴ ነው። ቢሆንም እሺ ማለት አልነበረብኝም። ላንተ እሺ ብልህ ወረቀቱም አብሮህ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እናትህ በአንድ ቀን ሁለት ታጣለች። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ።

ቢላው ከግንባሬ ጀመረ። የአራት ዓመት ጎፈሬ ጭኔ ላይ በግ በግ የሚያህል እየሆነ ወደቀ። ቅቤው ቢያንስ ለዚያ ጠቀመ፤ ቢላው አንዴም አልነከሰኝም። ያለቀስኩት ለወንድሜ ይሁን ለጎፈሬዬ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

ቁሯን አጠለቁልኝ። ከቅንድቤ በላይ ሁለት ጣት ብቻ እስኪቀር ድረስ ወደ ግንባሬ አወረዷት። ይዘው ሲያዞሯት አሁን የግንባሬ ቆዳ አብሮ ተጎተተ። «ደግ» አሉ። ከኋላ፣ ከማጅራቴ በኩል ወደ ፊት ገፏት፤ እምቢ አለች። ጠፍሩን አገጬ ሥር አሰሩና ሁለት ጣታቸውን አስገቡ።

«አዛጋ።»

«ምን?»

«አዛጋ እንጂ! አፍህን ሳትከፍት ያሰርኩት ጠፍር ምን ይታመናል?»

በሕይወቴ እጅግ በከፋው ሰዓት፣ ወንድሜ ፉርጎ ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ካዛንቺስ ቆሜ አዛጋሁ። ጠፍሩ አገጬን ጨምቆ ቁሯን ወደ ታች ሳባት። «ተራመድና ተመለስ» አሉኝ፤ ተራመድኩ። «ዝለል» አሉኝ፤ ዘለልኩ። ከዚያ አንድ ቀዳዳ ጨምረው አጠበቁ፤ በቅሎም ከተራመደች በኋላ ነው ዳግመኛ የምትጠብቀው። ወረቀቱን ከመቀመጫቸው ሥር አወጡልኝ፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

«ሂድ። አላህ ይቅደምህ።»

ዘበኛው ቁሬን አይቶ በሩን ከፈተ። ቁልቁለቱን ስወርድ ነፋስ ከኋላዬ ቀረ። ይህንንም ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግን ዶሮዎቹ ቀርተዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከታች ለመንገድ ሥራ የተከመረ ጥርብ ድንጋይ አለ። እዚያ ጋ ስደርስ ሁለት ጆንያ ኖራ የጫነች አህያ ከጎን ብቅ አለች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ፍሬን ያዝኩ፤ ጎማው አሸዋ ላይ ነበር።

ከዚያ ሰማዩ ከታች መጣ። «ጓ!» የሚል ድምፅ ከራሴ ውስጥ ሰማሁ፤ የቂርቆስን ደወል አንገቴ ላይ አስረው የደወሉት መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ በነጭ ኖራ ደመና ውስጥ ተኝቻለሁ። ሞቼ ገነት የገባሁ መስሎኝ ነበር፤ የአንዲት ሴትዮ ጩኸት ነው የመለሰኝ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ልጁ ሞተ!»

«አልሞትኩም እማማ» አልኳት። «ባቡሩ ሄዷል?»

«ኧረ አፈር በበላሁ! ሙት ባቡር ይጠይቃል?»

ባቡሩ ራሱ መለሰልኝ፤ ሁለተኛው ጩኸት። ተነሳሁ። ቁሬን ስዳብስ ከግራ ጆሮዬ በላይ ቆዳው ተልጦ፣ ቡሹ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ። ከሥሩ ያለው ራሴ ግን ራሴ ነው። ከራሴ አልወለቀችም፤ ጣት ታህል አልተንቀሳቀሰችም። የሞተሩ መሪ ተጣሟል። «እማማ፣ ይቺን ሞተር ይጠብቁልኝ!» ብዬ ሮጥኩ።

«አህያዬንስ ማን ይጠብቅልኝ፣ አንተ ወፈፌ!» ስትል ይሰማኛል።

ጣቢያው ስደርስ አንድ ወታደር ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። አስተርጓሚው፣ «ቁሩን አውልቅ፣ ፊትህ ይታይ ይላል» አለኝ። ጠፍሩን ፈታሁና አወለቅሁ።

እስቲ አስቡት። የተላጨ ራስ። ፊቴ በኖራ ነጥቷል፣ እንባዬና ላቤ በላዩ መስመር አውጥቷል። በእኛ አገር ትናንት ጎፈሬ የነበረው ሰው ዛሬ ተላጭቶ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ከፉርጎው ፍርግርግ የታደሰን ዓይን አየሁ። መጀመሪያ አላወቀኝም። ሲያውቀኝ ግንባሩን ከብረቱ ጋር አጋጨው።

«እናቴን!» ብሎ ጮኸ። «አሰፋ! እናቴ ሞተች?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ፉርጎው ሁሉ ተነሳ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማላውቃቸው፣ «ወይኔ እናታችን!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። የራሳቸውን የሚያለቅሱበት ሰበብ አጥተው የቆዩ ይመስለኛል። መኮንኑ እየሮጠ መጣ። «ምንድነው?» አለ መሰለኝ። አስተርጓሚው፣ «እናታቸው ሞታለች» አለው።

መኮንኑ ወረቀቱን አየ፣ የተላጨ ራሴን አየ፣ ቆቡን ብድግ አደረገና አማተበ። አልዋሸሁም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። ቁሬን አቅፌ ቆምኩ። የፉርጎው በር ተከፈተ። ታደሰን ወደ ውጭ ገፉት፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

አንገቴ ላይ ሲጠመጠም ጆሮው ሥር፣ «ደህና ናት ወንድም ጋሼ፣ ደህና ናት፣ የተላጨሁት ለቁር ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ለቁር!»

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ለፉርጎው ሰዎች ልንነግራቸው ዘወር አልን፤ ለእናታችን እያለቀሱ ናቸዋ። «አልሞተችም!» ብለን ጮኽን። ሦስተኛው ጩኸት መጣና ድምፃችንን ዋጠው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እጃቸው በፍርግርጉ ወጥቶ «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ» ሲል ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው። እነሱ ናቸው እኛን አይዟችሁ ያሉን።

ወደ ቂርቆስ ስንገባ ታደሰ ደረቴን ገፍቶ ከኋላው አስቀረኝ። «እኔ ልቅደም። አንተን ተላጭተህ ብቻህን ካየችህ እዚያው ትቀራለች» አለኝ። ቀደመ። እናቴ እሱን አየችው፤ ከትከሻው በላይ ደግሞ የኔን መላጣ አየች። «ደግሞ ይሄ ማን ሞቶበት ነው?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው፣ በሁለታችን መሃል፣ በደስታ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ይማም ደጃፍ ተገኘሁ። «ሌላ ቁር ፈለግህ?» ሲሉኝ፣ «አይ፣ መስፋት አስተምሩኝ» አልኳቸው። መርፌ ሰጡኝ። ይኸው ስሰፋ ካዛንቺስ ላይ አረጀሁ። ሞተር ላይ ግን ዳግም አልወጣሁም፤ ሞተር ሲነሳ እንኳ ከሩቁ አዛጋለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናንተ ቅዳሜ ማታ አስፋልቱን በሞተር የምትሰነጥቁት የካዛንቺስ ጎረምሶች፣ ሱቄ መጥታችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ቀዩ ቁር አለ?» ብላችሁ ነው። ቀዩ አለ። ግን መስተዋቱን ለጊዜው ተዉትና ራሳችሁን አምጡልኝ። ፀጉራችሁን አበጥራችሁ ከፍ ያደረጋችሁት ለአንዲት ቆንጆ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ነበርኩበት። ቁሩ የሚይዘው አናታችሁን እንጂ ፀጉራችሁን አይደለም። ሳዞረው ግንባራችሁ ካልተከተለ፣ ከኋላ ስገፋው ከወለቀ፣ ስታዛጉ ጠፍሩ አገጫችሁን ካልጨመቀ፣ አልሸጥላችሁም። አንዴ ድንጋይ የቀመሰ ቁርም ውጪው ቢያምር አትመኑት፤ የእኔዋ ያን ቀን ሥራዋን ጨርሳለች። «ቸኩያለሁ ጋሽ አሰፋ» የሚለኝ ሁሉ ይሰማኛል። ከእኔ በላይ የቸኮለ ሰው ግን እስካሁን በበሬ አልገባም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ፣ አንድ ከሲታ ሰው ቂርቆስ ቤታችንን እያጠያየቀ መጣ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት።

«የታደሰ ቤት ነው?»

«ነው፣ ግባ።»

«ለቅሶ ልደርስ ነው። እናቱ ሲሞቱ ፉርጎ ውስጥ አብሬው ነበርኩ። አልቅሼላቸዋለሁ፤ ግን ቤታቸው መጥቼ እግዜር ያጽናችሁ ሳልል መቅረት ከብዶኝ ነው።»

እኔና ታደሰ ከውስጥ ተያየን። «እናቱ እኔ ነኝ» አለችው እናቴ። ሰውየው ግድግዳውን ያዘ፤ ከዚያ እንባው እየወረደ መሳቅ ጀመረ፤ እኛም ሳቅን። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ስንት ሆናችሁ ነው ያለቀሳችሁልኝ?» አለችው።

«ሠላሳ እንሆናለን እማማ።»

«ስንታችሁ ተመለሳችሁ?»

ሰውየው ወደ መሬት አየ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከመደቡ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው» አለችው፣ «አጠገቤ ቁጭ በልና ስማቸውን ንገረኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው።»